ባለ ስውር ማርሽ ብስክሌት ለሚገዛ ቤተሰብ የሚጠቅም ምክር

አባቶቻችን በቅሎ በሚገዙበት ጊዜ በመልኳ ማማርና በኮርቻዋ ሽልማት ብቻ አይታለሉም ነበር። አፏን ከፍተው ከጥርሷ ዕድሜዋን ይመረምራሉ፤ ሰኮናዋን አንሥተው ያያሉ፤ ሽቅብም ቁልቁልም አስኪደው እርምጃዋን ይመለከታሉ፤ ስለ ዋጋ የሚነጋገሩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ዛሬ ብስክሌት የሚገዛው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ቀለሙን አይቶና ደወሉን ደውሎ ወዲያውኑ «ስንት ነው?» ይላል። ከገዛም በኋላ ብዙ ወራት ሳያልፉ ያ የሚያብረቀርቅ ብስክሌት ከግድግዳ ተደግፎ ይቀራል። የወጣው ገንዘብ የቤተሰብ ገንዘብ ስለሆነ ጉዳቱ የገዢው ብቻ ሳይሆን የሚስቱና የልጆቹም ነው። ስለዚህ ለሩቅ መንገድ የሚሆነውን፤ ማርሹ በኋላው መንኰራኩር ውስጥ የተሸሸገውን ብስክሌት፤ አዲስም ሆነ ያገለገለ፤ ዋጋውን በምን መመዘን እንደሚገባ ጥቂት ለመጻፍ ወደድን።

ነገሩ በምሳሌ እንዲገለጥ የዋጃን አገር መርጠናል። ዋጃ ከወልድያ ወደ መቀሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፤ በቆቦና በአላማጣ መካከል፤ በራያ ቆላ የምትገኝ ከተማ ናት። ሜዳው ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው፤ ማሽላና ጤፍ የሚበቅልበት ለጥ ያለ አገር ነው። በዋጃ ተቀምጦ ወደ ቆቦ ወይም ወደ አላማጣ ለሥራ የሚመላለስ መምህር፤ ከቀበሌ ወደ ቀበሌ የሚዞር የጤና ሠራተኛ፤ ልጁን ወደ ሩቅ ትምህርት ቤት የሚልክ ገበሬ፤ ደኅና ብስክሌት ቢኖረው ለነዳጅም ለመኖም ሳያወጣ ጊዜውን ያተርፋል።

ዳሩ ግን ያው ጎዳና አላማጣን አልፎ ወደ ኮረም ሲያቀና ሜዳው ያልቅና የግራት ካሕሱ ዳገት ይጀምራል፤ መንገዱም እየተጠማዘዘ 1,000 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። በደቡብም በኩል በሮቢትና በጎብዬ አድርጎ ወደ ወልድያ የሚሄደው መንገድ መጨረሻው ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። እንግዲህ በዋጃ የአንድ ብስክሌት ዋጋ ሲመዘን ሜዳው፤ ዳገቱ፤ አቧራውና የግራሩ እሾህ ሁሉ አብረው ሚዛን ላይ መውጣት አለባቸው።

ማርሽ ያለው ብስክሌት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ካቴናው ከአንዱ ፒኞን ወደ ሌላው ፒኞን እየዘለለ የሚሠራው ነው። ሁለተኛው፤ ዛሬ የምንነጋገርበት፤ ማርሹ ሁሉ በኋላው መንኰራኩር እምብርት ውስጥ፤ ማለት በሞዞው ውስጥ፤ ተዘግቶ የተቀመጠው ነው። ከውጭ የሚታዩት አንድ ኮሮና፤ አንድ ፒኞንና አንድ ካቴና ብቻ ናቸው። በውስጥ ግን ትንንሽ ጥርሳም መንኰራኩሮች፤ ፈለኮች ፀሐይን እንደሚዞሩ፤ በመካከል ያለችውን አንዲት ጥርሳም መንኰራኩር ይዞራሉ። ነጂው ካቦውን ሲስብ ወይም ሲለቅ ከእነዚህ አንዱ ይያዛል ወይም ይለቀቃል፤ በዚህም ምክንያት ሞዞው ከፒኞኑ ይልቅ ፈጥኖ ወይም ዘግይቶ ይዞራል።

የዚህ ዓይነቱ ማርሽ ጥቅም ለቆላ አገር ግልጽ ነው። አቧራና አሸዋ ወደ ማርሹ በቀላሉ አይደርስበትም። ካቴናው በአንድ መሥመር ብቻ ስለሚሄድ ዙሪያውን በቆርቆሮ መሸፈን ይቻላል፤ ይህም አሸዋውን ከመከልከሉ በላይ የቀሚስና የነጠላ ጫፍ እንዳይያዝ ያደርጋል። ጭነት የጫነ ሰውም በቆመበት ማርሹን አቅልሎ መነሣት ይችላል። ጉዳቱ ደግሞ ክብደቱ ከፍ ማለቱና ጎማ በተበሳ ጊዜ የኋላውን መንኰራኩር ማውለቅ አድካሚ መሆኑ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ገዢው የሚገዛውን ነገር በዓይኑ ማየት አለመቻሉ ነው። የተሸሸገ ነገር የሚገዛ ሰው በዓይኑ ምትክ ጆሮውንና እጁን ማሠራት ይገባዋል።

የሞዞ ማርሽ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ዋጋውም እጅግ ይጨምራል። ስለዚህ ገዢው ሻጩን «ስንት ማርሽ አለው?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት «የእኔ መንገድ ስንት ማርሽ ይፈልጋል?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። ሂሳቡም ከባድ አይደለም። የኮሮናውን ጥርስ ቁጥር በፒኞኑ ጥርስ ቁጥር አካፍሎ በመንኰራኩሩ ዙሪያ ልክ ማባዛት ነው፤ የሚገኘው ቁጥር ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ብስክሌቱ ስንት ሜትር እንደሚሄድ ይነግረናል።

ለምሳሌ የመንኰራኩሩ ዙሪያ 2.2 ሜትር፤ ኮሮናው 46 ጥርስ፤ ፒኞኑም 18 ጥርስ ቢሆን፤ በታወቀው በባለ ሦስት ማርሹ ሞዞ መካከለኛው ማርሽ 5.6 ሜትር፤ ቀላሉ 4.2 ሜትር፤ ከባዱ 7.5 ሜትር ይሄዳል። ይህ ከዋጃ ቆቦ ወይም ከዋጃ አላማጣ ለሚመላለስ ሰው ከበቂ በላይ ነው። ጭነት የሚያበዛ ከሆነ ፒኞኑን ብቻ በ22 ጥርስ ቢለውጥና ካቴናውን በዚያው ልክ ቢያስረዝም፤ ቀላሉ ማርሽ ወደ 3.4 ሜትር ይወርድለታል፤ ወጪውም ትንሽ ነው። ወደ ኮረም የሚወጣው ሰው ግን ከዚህም የቀለለ ያስፈልገዋል። ባለ 8 ማርሹ የሺማኖ ኔክሰስ ሞዞ በ38 ኮሮናና በ19 ፒኞን ሲሠራ ቀላሉ ማርሽ 2.3 ሜትር፤ ከባዱ 7.1 ሜትር ይሄዳል፤ ይኸውም ለዳገቱም ለሜዳውም ይሆናል። በጀርመን አገር የሚሠራው የሮሎፍ ሞዞ 14 ማርሽ ያለው፤ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ለገበያ የቀረበ፤ ዓለምን የሚዞሩ መንገደኞች የሚመርጡት ማለፊያ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ዕለት ዕለት በሜዳ ለሚመላለስ ሰው ይህን መግዛት አንድ ቁና እህል ለማስጫን የግመል ቅፍለት እንደ መከራየት ነው።

ያገለገለ ብስክሌት በሚገዛበት ጊዜ ምርመራው ከቴላዮው ይጀምር። ገዢው ከብስክሌቱ ኋላ ቆሞ ሁለቱ መንኰራኩሮች በአንድ መሥመር መሆናቸውን ይመልከት። መሪው ከቴላዮው በሚገናኝበት ሥፍራ፤ ከታች በኩል፤ ቀለሙ የተሰነጠቀ ወይም ብረቱ የተጨማደደ እንደ ሆነ ብስክሌቱ ከፊት ተጋጭቶ ነበር ማለት ነው። እንዲህ ያለውን በምንም ዋጋ አለመግዛት ይሻላል፤ በዳገት ቁልቁለት ላይ የሚሰበር ቴላዮ የሰው ነፍስ ያጠፋልና። ቀጥሎም መንኰራኩሩን አንሥቶ ያሽከርክር፤ ቸርኬው ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚወዛወዝ መሆኑን ይይ፤ ራጂዎቹንም አንድ በአንድ በጣቱ ይምታ። የላላ ራጂ ድምፁ የደነቆረ ነው፤ የጠበቀው ግን እንደ ክራር ጅማት ይጮኻል።

ከዚህ በኋላ ወደ ሞዞው ይመለስ። በመጀመሪያ የፋብሪካውን ስም ያንብብ። የእንግሊዙ ስተርሚ አርቸር ከተማው ኖቲንግሃም ሲሆን፤ ኤ ደብልዩ የተባለውን ባለ ሦስት ማርሽ ሞዞውን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው። በብዙዎቹ በእንግሊዝ በተሠሩት ሞዞዎች ቀፎ ላይ የተሠሩበት ዓመት ተቀርጾ ይገኛል፤ ይህ ለገዢው እንደ በቅሎ ጥርስ ነው። ሻጩ «የአሥር ዓመት ነው» ሲል ሞዞው የ1950ዎቹን ቁጥር ቢያሳይ፤ ወይ መንኰራኩሩ ተለውጧል፤ ወይ ሻጩ የሚሸጠውን አያውቅም። ሞዞው ማርጀቱ ብቻውን ነውር አይደለም፤ ይህ ሥራ ዘይት ካልተነፈገው ለብዙ አሥር ዓመታት ያገለግላልና። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2000 ወደ ታይዋኑ ሰንሬስ ስለ ተላለፈ፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ሥራ የታይዋን ነው።

የፋብሪካው ስም ሌላም ጥቅም አለው፤ መለዋወጫ ይገኝ እንደ ሆነ ይነግረናል። በጀርመን የቶርፔዶ ሞዞ የታወቀው ሳክስ እ.ኤ.አ. በ1997 ወደ አሜሪካው ስራም ተላልፏል፤ ስራምም በ2017 የሞዞ ማርሽ ሥራውን ትቷል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሞዞ ያለው ብስክሌት ገና ደኅና ቢሆንም እንኳ፤ ከውስጡ አንድ ነገር የተሰበረ ዕለት የሚተካው ከሌላ አሮጌ ሞዞ ነውና ዋጋው በዚያው ልክ መቀነስ ይገባዋል።

ቀጥሎ ገዢው ብስክሌቱን ራሱ ይንዳው። ከተቻለም በኋላው ላይ 20 ኪሎ ያህል ማሽላ ጭኖ ይሞክረው፤ ባዶውን የሚሮጥ ሁሉ ተጭኖ አይሮጥምና። በእያንዳንዱ ማርሽ ላይ ተቀምጦ አጥብቆ ይርገጥ፤ ነገር ግን በፔዳሉ ላይ አይቁም፤ ማርሹ ድንገት ቢለቅ ይጥለዋልና። በባለ ሦስቱ የስተርሚ አርቸር ሞዞ ሁለተኛውና ሦስተኛው ማርሽ ላይ «ጥቅ ጥቅ» የሚል ድምፅ መስማት ጤንነት ነው፤ አንደኛው ማርሽ ግን ሲረግጡት ዝም ይላል። የሚያስፈራው ወፍጮ እንደሚፈጭ ያለ የመፋጨት ድምፅ፤ ወይም በየዙሩ በአንድ ቦታ የሚደናቀፍ አካሄድ ነው።

ማርሹ ሲረገጥ ቢለቅ ሁልጊዜ ሞዞው ተሰብሯል ማለት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የካቦው መላላት ወይም መጥበቅ ነው። በባለ ሦስቱ ሞዞ ማርሹን በሁለተኛው ላይ አድርጎ በቀኝ በኩል ወዳለው ዳዶ መመልከት ይገባል፤ ከአክስሉ ውስጥ የምትወጣው ቀጭን ዘንግ ትከሻዋ ከአክስሉ ጫፍ ጋር እኩል መሆን አለባት። በሺማኖ ባለ 7 ወይም ባለ 8 ማርሽ ኔክሰስ ደግሞ ማርሹን በ4 ላይ ሲያደርጉት በሞዞው ላይ ያሉት ሁለት ባለ ቀለም ምልክቶች መገጣጠም ይገባቸዋል። ምልክቶቹ ተዛብተው ከተገኙ ይስተካከሉና እንደ ገና ይነዳ። ተስተካክሎም የሚለቅ ከሆነ ሕመሙ በውስጥ ነው፤ ያን ጊዜ የመንኰራኩሩን ሙሉ ዋጋ ቀንሶ መደራደር ወይም ትቶ መሄድ ነው።

በአክስሉ ጫፎች ያሉትን ሮንዴላዎች ብዙ ሰው አያያቸውም። ከእነርሱ መካከል ጥርስ ያላቸው ወይም ቅርጻቸው ልዩ የሆኑት፤ አክስሉ በቴላዮው ውስጥ እንዳይዞር የሚይዙት ናቸው። ጎማ የጠገነ ሰው እነዚህን ጥሎ በተራ ሮንዴላ ተክቶ ከሆነ አክስሉ ይዞራል፤ ካቦው ይበጠሳል፤ የቴላዮውም አፍ ይበላል። ስለዚህ ገዢው ሻጩን «የኋላውን መንኰራኩር አውልቀህ መልሰህ ግጠምልኝ» ይበለው። ይህ በአንድ ጊዜ ሦስት ነገር ያሳያል፤ ሮንዴላዎቹ መኖራቸውን፤ የአክስሉ ጥርስ አለመበላቱን፤ እንዲሁም እሾህ በበዛበት በራያ ሜዳ ያ ሥራ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ።

ስለ ዘይትም አንድ ቃል እንጨምራለን። አሮጌው የእንግሊዝ ሞዞ የዘይት ቀዳዳ ያለው ሲሆን፤ በየጊዜው ጥቂት ቀጭን ዘይት ይፈልጋል፤ ወፍራም ግራሶ ቢሞላበት ግን በውስጡ ያሉት ትንንሽ መያዣዎች ይጣበቃሉ። ሮሎፍ ዘይቱ በየ5,000 ኪሎ ሜትር ወይም በዓመት አንድ ጊዜ ይለወጣል። በክረምት ከምዕራቡ ደጋ የሚወርደውን ጎርፍ ሲሻገር ሞዞው በውሃ የተዋጠ ብስክሌት ሳይከፈትና ዘይት ሳያገኝ ከቆየ ውስጡ ይዝጋል፤ በሞዞው ጠርዝ ቡናማ የዝገት ውሃ መታየቱ የዚህ ምልክት ነው።

ካቴናውን ለመመርመር መለኪያ ይዞ መሄድ ይበቃል። አዲስ ካቴና ከአንዱ ብሎን እስከ ሃያ አምስተኛው ብሎን ድረስ 30.5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ 30.8 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ አርጅቷል፤ ፒኞኑንም አብሮ በልቶ ሊሆን ይችላል። ይህ ጥገና ርካሽ ነውና ለመደራደሪያ ይሆናል እንጂ ከግዢ አያስቀርም።

ጎማው ግን ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ ያሻዋል። የድሮው የእንግሊዝ ብስክሌትና የዛሬው የተራራ ብስክሌት ሁለቱም «26» ይባላሉ፤ ነገር ግን የአንዱ ቸርኬ 590 ሚሊ ሜትር፤ የሌላው 559 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የአንዱ ጎማ ለሌላው አይገባም። «28» በሚባሉትም መካከል 635 እና 622 ሚሊ ሜትር የሆኑ አሉ። ይህ ቁጥር በጎማው ጎን ላይ ተጽፎ ይገኛል። ገዢው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ቁጥሩን ጽፎ ወደ ቆቦ ወይም ወደ አላማጣ ባለ ሱቅ ሄዶ ይጠይቅ። ጎማው በአገር የማይገኝ ብስክሌት፤ ምንም ያማረ ቢሆን፤ አንድ ትልቅ እሾህ እስኪያገኘው ድረስ ብቻ የሚያገለግል ነው።

ፍሬንም ለሜዳና ለዳገት አንድ አይደለም። ፔዳሉን ወደ ኋላ በመርገጥ የሚሠራው በሞዞው ውስጥ ያለ ፍሬን ለዋጃ ሜዳ ምቹ ነው። ነገር ግን ከኮረም ወደ አላማጣ የሚወርድ ሰው እርሱን ብቻ ቢያምን ፍሬኑ ይግላል፤ ግራሶውም ቀልጦ ይቃጠላል፤ ካቴናው የተበጠሰ እንደ ሆነም ፍሬኑ ጨርሶ ይጠፋል። ስለዚህ በዚያ መንገድ የሚሄድ ብስክሌት በፊተኛው መንኰራኩር ላይ ብርቱ የእጅ ፍሬን የሌለው እንደ ሆነ፤ የፍሬኑን ዋጋ በብስክሌቱ ዋጋ ላይ ጨምሮ ማሰብ ይገባል።

አዲስ ብስክሌት የሚገዛ ሰውም ከዚህ ምርመራ ነፃ አይደለም። ብዙው አዲስ ብስክሌት በሣጥን መጥቶ በሱቅ የሚገጣጠም ስለሆነ፤ ኩሺኔታው ከልክ በላይ ጠብቆ፤ ራጂው ላልቶ ሊገኝ ይችላል። በሞዞው ላይ የፋብሪካ ስም ካልተጻፈ፤ መለዋወጫውን ማን እንደሚያቀርብ ሻጩ በጽሑፍ ይግለጥ። ብስክሌቱ ከተነዳ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ራጂው፤ ካቦውና ዳዶው ሁሉ ዳግመኛ መጥበቅ አለባቸው፤ ይህን ሻጩ ያለ ዋጋ እንዲሠራ መዋዋል የአዲስ ዕቃ ገዢ መብቱ ነው።

አሁን ወደ ዋጋው እንመለስ። ለሂሳብ እንዲቀል የአዲሱን ብስክሌት ዋጋ 100 እንበለው። አንድ ያገለገለ ብስክሌት በ40 ቢቀርብና ለሁለት ጎማ 10፤ ለካቴናና ለፒኞን 8፤ ለካቦና ለማርሽ መሳቢያው 5፤ ለፍሬን 4 ቢያስፈልገው ዋጋው 67 ሆነ። ሌላው በ58 ቢቀርብና ለዘይትና ለካላማዳሪያ 3 ብቻ ቢያስፈልገው ዋጋው 61 ነው። ስለዚህ ርካሽ መስሎ የታየው ውድ ነው። የፊተኛው ሞዞ የተሰበረ ሆኖ ለመንኰራኩሩ ሌላ 35 ቢወጣ ደግሞ ዋጋው 102 ይሆናል፤ ይህም ከአዲሱ በልጦ አሮጌ መግዛት ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው ሁሉ፤ ትንሽ ዋጋም ገዢውን እያሳሳቀ ይወስደዋል።

በመጨረሻም ብስክሌቱን የሚነዱት ሁሉ ከግዢው በፊት ይቀመጡበት። በኮርቻው ላይ ተቀምጠው ተረከዛቸውን በታችኛው ፔዳል ላይ ሲያሳርፉ እግራቸው የሚዘረጋ ከሆነ ልኩ ደኅና ነው። እናትና ሴት ልጅ ጭምር የሚነዱት ከሆነ የላይኛው ብረት ዝቅ ያለው ቴላዮ ይመረጥ፤ የካቴናውም መሸፈኛ አይጉደል። የቴላዮው ቁጥርም በደረሰኙ ላይ ይጻፍ፤ ሽያጩ በግለሰቦች መካከል ከሆነ ምስክር ባለበት ይፈጸም፤ የተሰረቀ ዕቃ የገዛ ሰው ገንዘቡንም ስሙንም ያጣልና።

እንግዲህ ስናጠቃልለው፤ በዋጃ ሜዳ ለሚመላለስ ቤተሰብ፤ ሞዞው ጤነኛ፤ ጎማው በአገር የሚገኝ፤ ያገለገለ ባለ ሦስት ማርሽ ብስክሌት ከብዙ አዲስ ብስክሌት የሚበልጥ ግዢ ነው። ወደ ኮረምና ወደ ወልድያ ደጋ ለሚወጣው ግን ባለ 8 ማርሹ ከነብርቱ ፍሬኑ፤ ጥቂት ገንዘብ አጠራቅሞም ቢሆን፤ ሊጠበቅ የሚገባው ነው። ሁለቱም የሚገዙት የሚሄዱበትን መንገድ ነውና፤ መንገዱን አስቀድሞ ያወቀ ሰው በዋጋው አይጸጸትም።